ለዳማው ፈረስ የሚሆን ገዢ

ከዚህ ታሪክ አንዲት ቃል ሐሰት ብትገኝ የተራኪው ምላስ እንደ አሮጌ ኮርቻ ይሰንጠቅ!

በአንድ የገበያ ቀን ማለዳ፣ ሰው ሁሉ ጋሽ ልጓሙ የሚላቸው ፈረስ ነጋዴ ከጋጣቸው ጀርባ ዳማውን ፈረስ በረጅም ገመድ ይዘው ዙሪያውን ሲያስሮጡት፣ የእህታቸው ልጅ ድንገት ደረሰች። ጋሽ ልጓሙን ሳያማክር የሚወለድ ፈረስ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። የእህታቸው ልጅ ደግሞ የእንስሳት ሐኪም ናት፤ ትምህርቷ ቢጫን አርባ አጋሰስ ያጎብጣል። ዳማው ገና ጎረምሳ ነው፤ ልጓም ከለመደ ወር አልሞላውም። ሲሮጥ ግን ጥላው ከኋላ ቀርቶ "ኧረ ቆየኝ!" ይለዋል።

"ጋሼ፣ እንዴት አደሩ? ምነው ይህን ምስኪን በማለዳው በላብ አጠቡት?"

"ደህና ነኝ ልጄ። ዳቦ ጋጋሪው ለትንሿ ልጁ ሊገዛው ይመጣል። ደክሞት ሲያየው 'ምንኛ ጨዋ ነው!' ይላል። የቆየ የነጋዴ ጥበብ ነው።"

"ነገ አርፎ ሲነሳስ?"

"ነገማ የሱ ፈረስ ነው!" ብለው ሳቁ።

ሐኪሟ አልሳቀችም። "ልጅቱ ፈረስ ላይ ወጥታ ታውቃለች?"

"በሕልሟም! ግን እሱም ልጅ፣ እሷም ልጅ፤ አብረው ያድጋሉ።"

"አብረው ይወድቃሉ ይበሉ እንጂ! እሱ ሰው መሸከም ገና እየተማረ ነው፤ እሷም መቀመጥ አታውቅም። ታዲያ ማን ማንን ያስተምራል? ሲደነብር ትጮኻለች፤ ስትጮህ ይብስበታል። አንገቷ ቢሰበር ያኔም 'የሱ ፈረስ ነው' ሊሉ ነው?"

ጋሽ ልጓሙ ገመዱን ላላ አደረጉት። የለመዱትን መተው ግን እንደ ጥርስ መነቀል ነው።

"አንቺ ደግሞ! ገዢ ዐይን የለውም? ሻጭ ገዢን 'ምን ታውቃለህ?' ብሎ ሲመረምር የት ታየ? ፈረስ ልሽጥ ወይስ ልጅ ልዳር?"

"እንደ መዳር ይቁጠሩት። ለልጅዎ ባል ሲመጣ ምን ጠየቁ?"

"ምን ያልጠየቅሁት አለ! አያቱ ያንኮራፋ እንደሆነ ሳይቀር!"

"እንግዲያው ለዳማውም ይጠይቁ። ማን ይቀመጥበታል? ፈረስ ገርቶ ያውቃል? ትዕግሥት አለው? ደግሞም ሳይደክም ያሳዩት፤ ሲያዝ፣ ሲጫን፣ ሲጋለብ ገዢው በዐይኑ ይይ።"

ጋሽ ልጓሙ ጢማቸውን እያሻሹ ማሰብ ጀመሩ። ሐሳባቸው ከመርዘሙ የተነሳ ዶሮዎቹ መሽቷል ብለው ወደ ቆጣቸው ገቡ። በመጨረሻም ፈረሱን አቁመው ላቡን በጆንያ እየጠረጉለት፣ "ልጄ፣ ረታሽኝ" አሉ።

ዳቦ ጋጋሪው የልጁን እጅ ይዞ ሲመጣ እውነቱን ነገሩት። በዳማው ፈንታ ርጋታ አብሯት የተፈጠረላትን አሮጊቷን ባዝራ አወጡለት፤ ነጎድጓድ አጠገቧ ቢወድቅ ጆሮዋን እንኳ አታነቃንቅም። ልጅቱ አንገቷን አቅፋ አልላቀቅ አለች። ዳማውን ደግሞ ካረፈ በኋላ ግልቢያ የምታስተምር ሴት መጣች፤ ራሷ ጫነችው፣ ራሷ ጋለበችው፣ ወደደችውና ወሰደችው። ልጅቱ በጤና ጋለበች፤ ዳማውም ዱላ ሳያይ ተማረ። ጋሽ ልጓሙም "የማይዋሽ ነጋዴ" ተብለው የገዢው ሰልፍ ጭራ ከከተማ ውጭ አደረ። እነሆ፣ ዕቃውን ለሚሆነው ሰው የሚሸጥ ነጋዴ እንቅልፉም ገበያውም ሰላም ነው!

ይህ በጋሽ ልጓሙ በረንዳ ላይ ሲተረክ፣ ባለቤታቸው የታጠበ ልብስ እያጣጠፉ ይሰሙ ነበር። ቀና ሳይሉ በቀስታ ተናገሩ።

"ሰልፍ የሚባል አላየሁም። ክርክርም አልነበረም። የእህታቸው ልጅ 'ፈረሱ ይረፍና እስቲ እርስዎ ይቀመጡበት' ብቻ ነው ያለችው። እሳቸውም ተቀመጡበት። 'ይሄስ ለልጅ አይሆንም' ያሉት ከፋንድያው ክምር ላይ ሆነው ነው።"