ከአቶ ኦጎላ ጣሪያ ስለወረደው አንቴና

የምስክር ስም፦ ፔሬዝ አዊኖ ኦሉም
ዕድሜ፦ 34
አድራሻ፦ ምፋንጋኖ ደሴት፣ ካግዌንግ መንደር
ሥራ፦ የመንደሩ ኢንተርኔት ማኅበር ቴክኒሻን
ቃል የተሰጠበት ቀን፦ ማርች 14 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት

ማኅበሩን ያቋቋምነው ከአራት ዓመት በፊት ነው። ለጥቂት ዓሣ አጥማጅ ማማ የሚተክል የስልክ ድርጅት ስላጣን አዋጥተን የራሳችንን አንቴና ገዛን። ከመንደሩ ቤቶች ሁሉ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያለው የአቶ ኦጎላ ቤት ስለሆነ ጣሪያቸውን በነፃ ሰጡን። ምሰሶውን ስተክል መሰላሉን የያዘችልኝ ሟች ቤሪል ናት፤ ኋላ ፊት ለፊታችን ወዳለችው ጎዬ ደሴት አግብታ ሄደች። የጎዬ ጤና ኬላ ሕመምተኛ ሲጠናበት ከእኛ ሞተር ጀልባ የሚጠራው በዚያው አንቴና በኩል ነው። ጎዬ ላይ ሌላ ስልክ አይሠራም።

አቶ ኦጎላ ማርች 11 ቀን አረፉ። በእኛ በሉኦ ወግ አባወራ ሲሞት ከጣሪያው ጫፍ የቆመው እንጨት ይወርዳል። በማግስቱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ወንድማቸው አቶ ኦዴዴ ለቀስተኛው ፊት ጠሩኝ። "ልጄ፣ የእኛን እንጨት አውርደን ያንቺ ብረት ተገትሮ ሊቀር ነው? ሰው ምን ይለናል?" አሉኝ። እስከ ነገ ይታገሡኝ ብዬ ለመንኳቸው። "እስቲ ወንድሜንም ታገሠኝ በይው!" አሉ። ሰው ሳቀብኝ።

ወጥቼ በገዛ እጄ አወረድኩት። በማግስቱ ከመንደሩ በላይ ያለው ኮረብታ ላይ ልተክለው አስቤ ነበር። መሬት እንደረገጥኩ ለአባላቱ በሙሉ "በለቅሶ ምክንያት መስመሩ እስከ ነገ አይኖርም፣ አትስጉ" ብዬ በስልኬ ጻፍኩና ኡጋሊ ለማገንፋት ወደ ሴቶቹ ሄድኩ። መልእክቱን የሚያደርሰው አንቴና እግሬ ሥር ተጋድሞ ነበር። አራት ዓመት በዚህ ሥራ ኖሬ ይህን አላሰብኩም።

ማርች 13 ቀን ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ አንቴናውን ኮረብታው ላይ አቆምኩ። የጎዬ ነርስ ኤድዊና በዋዜማው፣ ማርች 12 ቀን፣ የጻፈቻቸው መልእክቶች ተከታትለው ገቡ። የ7 ሰዓቱ "ቤሪል ምጥ ላይ ናት፣ ደም እየፈሰሳት ነው። ጀልባ ላኩ" ይላል። የ8 ሰዓቱ "ነፋሱ በታንኳ አያስወጣም። ፔሬዝ፣ ኧረ ጀልባው የታለ?" ይላል። የ10 ሰዓቱ "ተዉት በቃ" ብቻ ነው። ወዲያው የእኔም መልእክት ከነ"አትስጉ"ው ሄደ።

አቶ ኦዴዴ ላይ ክስ አለሽ ወይ ተብዬ ተጠይቄ የለኝም ብያለሁ።

ከላይ የሰፈረው ተነቦልኛል፤ እውነት ነው። ይህን ቃል ስሰጥ ማንም አላስገደደኝም። አንቴናውን ሳወርድም ማንም አላስገደደኝም፤ ሰው አፍሬ ነው።

ፔሬዝ አዊኖ ኦሉም (ፊርማ)
ቃሉን የተቀበለው፦ ኮንስታብል ኪፕላጋት (ፊርማ)