ዛሬ ሁለት ቁጥር ማን ነው?

ክቡራትና ክቡራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤

የዕረፍት ቀናችሁን ትታችሁ በዚህ ሙቀትና በዚህ ጠባብ ክፍል ስለ እኔ ስለ ተሰበሰባችሁ ከልብ አመሰግናችኋለሁ። አቶ ጥዑመልሳን፣ የዚህ የጽሕፈትና የትርጉም ቤት ባለቤት ነዎትና ምስጋናዬ ከእርስዎ ይጀምራል። ወይንሸት፣ እነዚህን ወንበሮች ከሰፈራችን ከዴም ሱቆች ሁሉ እየለመንሽ ሰብስበሻል። ጂብሪልም ከጁምዓ ሶላት በቀጥታ ወደዚህ መጥተሃል። ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

ተቀመጡ ብላችሁኝ አልተቀመጥሁም። አትቀየሙኝ፤ መቀመጥ አልቻልሁም። ነገ ማለዳ ወደ ገዳሪፍ በሚሄደው አውቶቡስ እሳፈራለሁ፤ ከዚያ በመተማ በኩል ደብረ ታቦር፣ ልጄ ቤት። ሻንጣዬ ታስሯል። ያሳሰበኝ ግን መንገዱ አይደለም። ዓይኔ ከእናንተ እየሸሸ ወደዚያ ጥግ፣ ወደ ኮምፒዩተሩ እንደሚሄድ ሳታስተውሉ አልቀራችሁም። መብራት ስለ ሌለ ጠፍቷል። ውስጡ እንዴት ሆኖ እንዳደረ አላውቅም። ሳላውቅ ትቼ መሄድ ደግሞ አልለመደብኝም።

ከጎረቤት ለመጣችሁ እንግዶች ጉዳዩን ላስረዳ። በሀገሬ ከመምህርነት ጡረታ ወጥቼ ወደ ካርቱም ከመጣሁ ጀምሮ በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ በአማርኛ ስጽፍ ኖሬአለሁ፤ ውክልና፣ ማመልከቻ፣ አቤቱታ። ከነገ ጀምሮ ወንበሩ የሙኒያ ነው። ሙኒያ እዚሁ ዴም ያደገች ልጅ ናት። አማርኛዋ ግማሽ መንገድ ላይ ዐረብኛ ያሳፍራል፤ ብዙ አርሜአታለሁ፣ ገና ብዙ ይቀራል።

አቶ ጥዑመልሳን ባለፈው ሳምንት ምን አሉኝ? «መምህር፣ ሙኒያ ከቻለች የአማርኛው ሥራ ይቀጥላል። ካልቻለች ቦታውን ለፎቶኮፒ ማሽን እሰጠዋለሁ።» አልተቆጣሁም። ቤቱ የእርሳቸው ነው። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል ነገር አላውቅም። ፎቶኮፒ ማሽን ያለውን ይደግማል እንጂ የሌለውን አቤቱታ አይጽፍምና።

እናንተ እንደምታውቁት በዚህ ከተማ መብራት እንግዳ ነው። መጥቶ ምን ያህል እንደሚቆይ የሚነግረን የለም። ከካፉሪ ሰፈር፣ ከሰው ቤት ሥራ የሚመጡት እኅቶቻችንም ያላቸው የዕረፍት ቀን ዓርብ ብቻ ነው፤ ከዓርብም እስከ ዓስር፣ እስከ ከሰዓት በኋላው ሶላት። መብራት ሲመጣ፣ ፕሮግራም ፍለጋ ዝርዝሩን እየከፈቱ፣ ስም እያነበቡ መውረድ የሰው ቀን ማባከን ነው። ስለዚህ ሁላችንም በምንጋራው በዚያ ኮምፒዩተር የዘወትር ፕሮግራሞቻችን በአንድ ምት እንዲከፈቱ አደረግሁ።

ነገሩ ከባድ አይደለም። ፕሮግራሙ ተከፍቶ ሳለ ከታችኛው መስመር ላይ ባለው ምልክቱ በቀኝ የማውዝ ቁልፍ ተጭኖ እዚያው እንዲቀር ማዘዝ ነው። ከዚያ በኋላ መስኮት የተሣለበትን ቁልፍ ይዞ አንድን ሲጫኑ አንደኛው፣ ሁለትን ሲጫኑ ሁለተኛው ይከፈታል። ማንም አላስተማረኝም፤ የእርዳታውን ገጽ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብሁት። የእርዳታ ገጽ የሚያነብ ሰው በምድር ላይ መኖሩን ጂብሪል እስከ ዛሬ አያምንም።

ነገር ግን ቁጥር ካለ፣ ማን ይቅደም የሚል ሙግት አለ። እኔም በሥርዓቱ አስቀመጥሁ። አንድ፣ የአማርኛ መጻፊያው። ሁለት፣ የጂብሪል የዐረብኛ ትርጉም። ሦስት፣ የወይንሸት ፎቶግራፍ። አራት፣ ስካነሩ።

ጂብሪል ወዲያው፣ «ያ ኡስታዝ፣ ሁለተኛ የምትለዋን ቃል ባለቤቴ ፊት እንዳታነሣት፣ ቤቴ ይፈርሳል!» አለ። ወይንሸት ግን አልሣቀችም። «ደንበኛው ከፎቶ ሌላ የሚወደው ነገር አለ? ሦስተኛ ያደረጉኝ ምን በድዬዎት ነው?» አለችኝ። አሁንም እንደዚያው እያየችኝ ናት።

በኋላ ሙኒያ መጣች። ሥራውን ባለማመድኋት በማግሥቱ፣ «መምህር፣ ስካነሩ አንደኛ ይሁን» አለች።

«ስለ ምን?»

«ሰዉ ገና ሰላምታውን ሳልመልስለት ወረቀቱን ነው የሚሰጠኝ።»

«ወረቀት ከሰው አይቀድምም። መጀመሪያ ተቀመጪ በያት፤ ጉዳይዋን ጠይቂያት፤ ከዚያ ጻፊ።»

«ጠይቄ ሳልጨርስ ከህረባው ይሄዳላ!»

«መብራቱ በይ።»

«መብራቱም ይሄዳል፣ ከህረባውም ይሄዳል፣ ሴትዮዋም ትሄዳለች! ያላ፣ መምህር፣ ይፍቀዱልኝ።»

አልፈቀድሁም። በማግሥቱ ጠዋት ስመጣ ስካነሩ አንደኛ ሆኖ ተቀምጧል። ማታ ወደ ቦታው መለስሁት። ጠዋት ደግሞ ተመልሷል። እኔ ማታ፣ እርሷ ጠዋት። በመካከል የተሠቃየው ጂብሪል ነበር። በየማለዳው በሩ ላይ ቆሞ፣ «ያ ኡስታዝ፣ ዛሬ ሁለት ቁጥር ማን ነው?» ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን ወይንሸትም ነገሩን አይታ የራሷን ወደ ፊት ገፋ አደረገችው። ለቤት ኪራይ ውል የመጣ አንድ የባሕሪ ሰፈር ነጋዴ ከጂብሪል አጠገብ ተቀምጧል። ጂብሪል በሙሉ እምነት ሁለትን ተጫነ። ምን ተከፈተ? ከነቬሎዋ የተነሣች ሙሽራ። ሰውየው መነጽሩን አስተካክሎ አያትና፣ «ውሉ ይህ ከሆነ እፈርማለሁ» አለ።

ሣቁ፣ ሣቁ። እኔም ያን ቀን ሥቄአለሁ። ግን የተከራከርሁት ለወንበር ክብር አልነበረም። አንዲት ሴት የድሮ ውክልናዋን ይዛ መጥታ፣ «እንዲህ ያለ ጻፍልኝ» አለችኝ። ወረቀቱን ብቻ አይቼ ብጽፍ ኖሮ ልትሽረው የመጣችውን ወንድሟን በቤቷ ላይ እንደገና እሾመው ነበር። ስለ ጠየቅኋት ዳነች። ሙኒያ እንዲህ ያለውን ሳትጠይቅ ብታሳልፍ ስሕተቱ በደብረ ታቦር እኔን አያገኘኝም፤ ሴትዮዋን ግን ያገኛታል። የአማርኛው ሥራም በዚያው ቀን ያበቃለታል። የቸኮለ እጅ መልካም ነው፤ የቸኮለ ጆሮ ግን ምን ይጠቅማል?

ትናንት ሙኒያ ኮምፒዩተሩ ላይ ተቀምጣ ስትነካካ ሳለ መብራት ሄደ። «እንዴት አድርገሽ ተውሽው?» አልኋት። «ኢንሻአላህ መብራት ሲመጣ ያዩታል» አለችኝ። ኢንሻአላህ መልካም ቃል ነው፤ ትናንት ሌሊት ግን አላስተኛኝም።

እነሆ፤ ማራገቢያው ዞረ። መብራት መጣ!

አታጨብጭቡ፤ እባካችሁ፣ ለጭብጨባ ጊዜ የለንም። ወይንሸት፣ ከበሩ ላይ ያሉትን ወንበሮች አንሺ፤ አንዲት ሴት ውጭ ቆማለች። ግቢ፣ እኅቴ፣ ግብዣ አይደለም፤ ሥራ ላይ ነን። ከካፉሪ ነው? እስከ ዓስር ነው የተፈቀደልሽ? እንግዲያስ ጊዜ የለም። ሙኒያ፣ ወደ ወንበሩ!

አቶ ጥዑመልሳን፣ ክንዴን ይልቀቁኝ። ወደ ወንበሩ ልሄድ አልነበረም። ደኅና፤ ልሄድ ነበር። እዚሁ እቆማለሁ።

ኮምፒዩተሩ እስኪነሣ ድረስ ምርቃቴን ልጨርስ፤ ይህ ማሽን ሁልጊዜም ለምርቃት የሚበቃ ጊዜ ይሰጣል። ጂብሪል፣ ልጆችህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ፤ የመኖሪያ ፈቃድህ፣ ኢቃማህ፣ ሳያስቸግርህ ይታደስልህ። ወይንሸት፣ እጅሽ የነካው ይባረክ፤ ደጅሽ ሰው አይጣ። አቶ ጥዑመልሳን፣ ይህ ቤት ለስደተኛው ሁሉ መጠጊያ ሆኖ ይኑርልዎ። የጎረቤት ሰዎች፣ በሰው ሀገር ስንኖር አንድም ቀን ባይተዋርነት እንዲሰማን አላደረጋችሁምና፣ በደግነታችሁ ልክ እግዚአብሔር ይክፈላችሁ።

ሰማችሁ? ያ የሚያጉረመርመው ስካነሩ ነው። ሙኒያ አንድን ነው የተጫነችው። እንግዲህ አንደኛው እርሱ ነው። ጂብሪል፣ ዛሬ ሁለት ቁጥር አማርኛው ነው፤ አንተ ሦስት ነህ፤ አትሳሳት።

ቆይ። ዝም በሉ እስቲ።

ወረቀቱን አልተቀበለቻትም። አያችሁ? ሴትዮዋ ዘርግታላታለች፣ ሙኒያ ግን እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ነው። «እትዬ፣ ከወረቀቱ በፊት ይንገሩኝ፤ ምን እንዲሆንልዎት ነው የመጡት?» ስትል ሰማኋት። ስካነሩ እስኪሞቅ ድረስ ደቂቃዎች ይፈጃል። እርሱን አስነሥታ በመካከሉ ትጠይቃታለች። እኔ አማርኛውን አስቀድሜ ስከፍት፣ ጠይቄ ጽፌ ስጨርስ፣ ስካነሩን ደግሞ ቁጭ ብዬ እጠብቀው ነበር።

ሙኒያ፣ ይህን ለምን አልነገርሽኝም ብዬ አልቆጣም። ብትነግሪኝ ኖሮ ነገሩን ትቼ አማርኛሽን አርም ነበር።

አቶ ጥዑመልሳን፣ ስለ ፎቶኮፒ ማሽኑ አሁን አልለምንዎትም። ቆመው ይመልከቱና ራስዎ ይፍረዱ።

በሉ እንግዲህ፣ ክቡራትና ክቡራን። ያላችሁበት ሰላም ይሁን፤ ሥራችሁ ይቃናላችሁ፤ መብራቱም ዛሬ ጨርሳችሁ እስክትነሡ ይቆይላችሁ። ሀገራችሁን በጤና ለማየት ያብቃችሁ። እኔን ደግሞ መንገዱን ያቅናልኝ በሉኝ።

ሙኒያ፣ ምን ታዪኛለሽ? እኔን ተዪኝ። ሴትዮዋ ተናግራ አልጨረሰችም።