ቻርተር ያላቸው ሰው

ግቢ ስሂንዬ፣ ግቢ! በዚህ ብርድ አውቶቡስ ስትጠብቂ አይቼሽ ዝም ብዬ ላልፍ ኖሯል? ሂተሩን ከፍ ላድርግልሽ። ቅዳሴው ዛሬ ረዘም አለ አይደል? እህትሽ ደህና ናት? ባለቤቷስ?... ተመስገን።

በዚህ በታኮማ ፓርክ ከተማ ባለፍኩ ቁጥር አንድ ሰው ትዝ ይሉኛል። ስማቸውን አልጠራም፤ ሐሜት ይሆንብኛል። አንቺም አታውቂያቸው ይሆናል...

እንዴት ያሉ አዋቂ መሰሉሽ! እኔ ሃያ ዓመት የኖርኩበት ሰፈሬ መቼ ከተማ እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። እሳቸው ግን ላይብረሪ ገብተው አንብበው መጡ። የዛሬ ሁለት ዓመት በእድራችን ስብሰባ ላይ ተነሡና፣ «ይህች ከተማ በፈረንጆቹ 1890 በሕግ ከመቋቋሟ በፊት ምን ነበረች?» አሉን። እኛ ምኑን እናውቃለን? «ቤቶች ብቻ! መንገዱ ቢበላሽ ተጠያቂ የለም። አናፖሊስ ያለው የስቴቱ ምክር ቤት ቻርተር፣ የመቋቋሚያ ወረቀት፣ ሲሰጣት ግን በሕግ ዓይን ሰው ሆነች» አሉ። አየሽ? ወረቀት ሰው እንደሚያደርግ ያን ቀን ተማርኩ። አንዳንዱን ደግሞ ወረቀትም አያደርገው...

«እድራችንም እንደ ከተማዋ በሕግ ይቋቋም» ሲሉ አጨበጨብን። ጋሽ ልሳነወርቅ ብቻ፣ እድሩን በገዛ ሳሎናቸው በሰባት ሰው የጀመሩት፣ እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ የከተማዋ ሰዎች ከንቲባቸውን መርጠው የለም እንዴ? እኛስ መቼ እንመርጣለን?» አሉ። እኚያ ሰው ግን አዛኝ ናቸው፤ በምርጫ ሊያደክሙን አልፈለጉም። «እሱ ይደርሳል» አሉ። ምን ያስቸኩላቸዋል? ሊቀመንበር አይደሉ? አንዴ ከተቀመጡ የማይነሡ፣ ጽኑ ሰው!

ፎርሙን ራሳቸው ሞሉ፣ ራሳቸው ለመንግሥት ፋይል አደረጉ። ሀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሀምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። እሳቸው ድካማችን አሳዝኗቸው ሀምሳውንም ለብቻቸው ተሸከሙልን! ወረቀቱ ሲመጣ ቦርድ ተብሎ የሰፈረው ሦስት ስም ነው፤ የሳቸው፣ የባለቤታቸው፣ ሦስተኛው... እሱን አላነበብኩትም። መነጽሬን ረስቼ ነበር። የሴት ስም ነው መሰለኝ። ምነው፣ ቀበቶው አጠበቀሽ እንዴ? ላላ አድርጊው እንጂ።

ባለፈው የካቲት ጋሽ ልሳነወርቅ ዐረፉ፤ ነፍሳቸውን ይማርና። ልጃቸው ብሥራት ፊውነራል ሆም በር ላይ ቆማ እኚያን ሰው ኮል አደረገቻቸው። ምን ቢሏት ጥሩ ነው? «አባትሽ በአዲሱ ቻርተር የአባልነት ፎርም አልሞሉም። ሊስቱ ላይ የሉም።» ሕግ አክባሪ ማለት እንዲህ ነው እንጂ! እንባ እንኳ አያታልላቸውም። አጠገቧ ነበርኩ፤ ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ የቀብሩን ዋጋ ልትጠይቅ ገባች።

ከዚያ በኋላማ የእድራችን አባል ንጉሴ ቫኑን አመጣ። ዘርትሁን ከሄርንደን ድረስ ሁለት ትልልቅ ድስት ጭና መጣች። ማን ለማን እንደነገረ አላውቅም፤ መቃብሩ ዳር ሆኜ ዞር ብል የእድሩ ሰው ሁሉ ከኋላዬ ቆሟል። ያለ ፎርም፣ ያለ ማኅተም አልቅሰን ቀበርናቸው። ሁለት ሰው... ሦስት ይሆኑ?... አልመጡም። ሥራ ይዟቸው ይሆናል፤ የቦርድ ሥራ ቀላል መሰለሽ?

በአርባቸው ከጸሎቱ በኋላ ንጉሴ ባዶ ደብተር አወጣ። «እንደገና እንጀምር» አለ። ስድሳ አንድ ቤተሰብ ስሙን ጻፈ። እጅ አውጥተው መረጡ፤ እኔ ምኑን አውቄ ነው፣ እኔኑ «እታለማሁ ትምራን» አሉ። በየዓመቱ እንዲመርጡ እኔው ራሴ አስጻፍኩ። ያልተማርኩ ነኛ!

እሳቸው ግን ቻርተራቸውን በፍሬም አድርገው ሳሎናቸው ሰቅለውታል አሉ። እንዴት ያምራል መሰለሽ! ነዋሪ የሌላት ከተማ ከንቲባ መሆን ለማንም የሚሰጥ ማዕረግ ነው? ጭቅጭቅ የለ፣ ስብሰባ የለ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል፤ ድሩን ሁሉ አንድ ሰው ብቻውን ሲይዘውስ፣ የሚታሰረው ማን ይሆን?... እንዲያው ሳስበው ነው።

ሰሞኑን ደግሞ ልባቸውን አሟቸው ሆስፒታል ገብተው ወጡ ሲባል ሰማሁ። ደነገጥኩ፤ እውነቴን ነው። ጠያቂ እንኳ አልበዛባቸውም አሉ። ለበሽተኛ ደግሞ ጸጥታ ጥሩ ነው...

ይኸው ደረስን። ቀስ ብለሽ ውረጂ የኔ እመቤት፣ በረዶው ያንሸራትታል። እህትሽንም ባለቤቷንም ሰላም በይልኝ፤ ከዚህ ወሬ ጋር አይገናኝም። ለእኚያ ሰው እኔ ሁልጊዜ እጸልያለሁ፦ ዕድሜ ከጤና ይስጣቸው፤ ወንበራቸውን ያጽናላቸው፤ ቀኑ ሲደርስም፣ ዘግይቶ ይድረስና፣ የድንግል ልጅ ቀባሪ አያሳጣቸው።