አዴ ሩቂያ ያልተናገሩት ቃል

የጎረቤቴ የአዴ ሩቂያ የፍርድ ቤት ክርክር ፊልም ሆኖ መጣላችሁና፣ ከሰዓት በኋላ አብረን ልናየው ገባን። ወንድማቸው ጀጎል ግንብ ውስጥ ያለውን የአባታቸውን ቤት ለብቻው ሊይዝ ሲል ከሰውት፣ ከስንት ዓመት በኋላ ድርሻቸውን ያገኙ ሴት ናቸው። አዳራሹን የሞላው ሰው ታሪኩን ያውቀዋል፤ ትንሽ ነገር ብትዛነፍ ሊያጉረመርም ነው የመጣው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። መብራቱ ጠፍቶ የሰፈራችን ጠባብ መንገድ ሸራው ላይ ሲዘረጋ ግን ቁጭ ብዬ የማልም መሰለኝ።

ችሎቱ ላይ ስንደርስ፣ እሳቸውን ሆና የምትሠራው ልጅ ተነሥታ፣ «ክቡር ዳኛ፣ እኔም እዚያ ቤት ነው የተወለድኩት» አለች፤ ድምጿ ቅንጣት አልተንቀጠቀጠም። ይሄኔ ከኋላችን አንድ ሰውዬ፣ «ኧረ ውሸት ነው! እኔ እዚያው ነበርኩ፤ ሲያለቅሱ ዋሉ እንጂ ቃል አልተነፈሱም» ብሎ ጮኸ። ሰው ሳቀ። እኔ ለእሳቸው አፈርኩና፣ «እንውጣ አዴ?» አልኳቸው።

የሸራው ብርሃን ፊታቸው ላይ እየተንሳፈፈ ቀስ ብለው ቆሙና ወደ ሰውዬው ዞሩ።

«እውነትህን ነው፣ ያን ቀን አፌ ተሳሰረ። ፊልሙን ሲሠሩ ልጅቷ ‹ምን ሊሉ ነበር?› ብላ ስትጠይቀኝ ግን ይሄን ቃል የሰጠኋት እኔ ነኝ። አሁን ዝም በል፤ ዳኛው ሲሰሙኝ ልይ።»

በጎረቤትነት ስንኖር ድምፃቸው እንዲህ ከፍ ብሎ ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነው።