ባለአምስት ዓይኗ

የአርባ አንድ ዓመት ሴት በአስተማሪ ተገርፋ እጇን ልታሳክም መጣች ቢሉኝ አላምንም ነበር። ያየሁት ግን በዓይኔ ነው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ልብስ አጣቢዋ ሌዎፖልዲና መድኃኒት ቤቴ ገብታ ቀኝ መዳፏን ባንኮኒው ላይ ዘረጋችልኝ። አብጧል፤ አምስት ክብ ምልክቶችም ወጥተውበታል።

«ባለአምስት ዓይኗ ናት?» አልኳት። በእኛ በአሌንቴዡ አውራጃ መንደሮች መምህራን መዳፍ የሚመቱባትን አምስት ቀዳዳ ያላት እንጨት እንዲህ ነው የምንጠራት።

«እሷው ናት፣ ዶክተር። ከእንግዲህ ወደ ትምህርቱ አልመለስም። የሆስፒታሉ ሥራም ይቅርብኝ።»

ሆስፒታሉ ወጥ ቤት ሊቀጥራት ፈቅዷል፤ የአራተኛ ክፍል ፈተና ካለፈች ብቻ። ፈተናው የሚቀጥለው ሳምንት ነው። ሌላው ምርጫዋ ልብስ እያጠቡ የወንዙን ብርድ መቻል ነው፤ ጣቶቿን ደግሞ እኔ ነኝ የማክማቸው። ደሜ ፈላ።

ይህን ጊዜ የአዋቂዎች ትምህርት አስተማሪ የሆኑት የኔታ አናክሌቶ የሳል ሽሮፕ ሊገዙ ከተፍ አሉ።

«የኔታ፣ ይህን እጅ ያውቁታል?»

«እንዴታ! የትናንት ሥራዬ ነው» አሉ ሳያፍሩ። «ግሱን ሁሉ በዜማ አስጠንቻት ‹እናጥባለን› በይ ብላት ዝም! ካልደፈረሰ አይጠራም፣ ልጄ።»

«እኔም በእጅዎ አልፌያለሁ፤ ያጠራኝ ግን ዱላው አይደለም። ሃያ አምስት ዓመት የሰው ልብስ ያጠበችን ሴት ማጠብን በዱላ ያስተምሯታል?»

«ማጠቡን ሳይሆን ግሱን!»

በአገራችን የሚመታው ያልገባው ነው፤ ያላስረዳው ግን ይከበራል። ይህን አስቤ እያረርሁ በሁለት የመድኃኒት ወረቀቶች ላይ ‹እናጥባለን› የሚለውን በቋንቋችን «ላቫሙሽ» ብዬ ጻፍሁና መቀስ አነሳሁ።

«ስትጠሪው ላ፣ ቫ፣ ሙሽ ብለሽ ሦስት ቦታ ታርፊያለሽ» አልኋት አንዱን እየቆረጥሁ። «ይህ የአፍ ክፍፍል ነው። የትርጉሙ ሌላ ነው፤ ሁለተኛውን ወረቀት ለሁለት ስቆርጠው ይኸው፣ ላቭ ማጠቡ ነው። የተቀጠለለት አሙሽ ደግሞ የምናጥበው እኛ መሆናችንን ይነግርሻል።»

ሌዎፖልዲና ‹ላቭ› የሚለውን ቁራጭ በአውራ ጣቷ ሸፈነችው። «እንግዲያ መዝፈኑን ባስገባበትስ? ካንት… ካንታሙሽ?»

«ካንታሙሽ!»

«መናገሩንስ? ፋላሙሽ!» እጇን ረስታ ሳቀች፤ ወዲያው ግን ፊቷ ጠቆረ። «የኔታ፣ ይህቺን መንገር አቅቶዎት ነው እጄን ያሳበጡት?»

«የመቀስ ጨዋታ ነው!» አሉ የኔታ። «የማይታዘዙ ግሶች ሞልተዋል።»

«አሉ፤ ግን ጥቂት ናቸው» አልሁ። «እነሱን በቃሏ ታጥና። በእነሱ ሰበብ ሺውን ማስሸምደድ ግፍ ነው። እስቲ እርስዎ ‹እነሱ አጠቡ› የሚለውን ሳያዜሙ ይበሉልኝ።»

የኔታ አፋቸውን ከፈቱ። ድምፅ ግን አልወጣም፤ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል።

«አየሁዎት! በልብዎ ከ‹እኔ› ጀምረው ዜማውን እየወረዱት ነው!» አለች ሌዎፖልዲና። «መዳፍዎን ያምጡ ብልዎትስ?»

ሽማግሌው ፊታቸው ቀላ። ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ወረቀቶቹን ብዙ ጊዜ አገላበጡ። «እኔንም እንዲሁ ነው የገረፉኝ» አሉ በመጨረሻ። «ትምህርቱ ሊገባህ ያስፈልጋል ያለኝ ሰው አልነበረም። ሌዎፖልዲና፣ በድዬሻለሁ። ነገ ነይልኝ፤ መቀሱን አንቺ ትይዣለሽ።»

በማግስቱ ሄደች። ከአሥራ ሁለቱ ተፈታኞች አሥራ አንዱ አለፉ፤ ካለፉት አንዷ እሷ ናት። ዛሬ በሞቀ ወጥ ቤት ትሠራለች፤ የበሽተኞቹን የምግብ ዝርዝርም ራሷ ታነባለች። ያየችውን ግስ ፈትታ ስለምትገጥም ማንንም አትጠይቅም። ለዚህ ሁሉ ያስፈለገው አንድ መቀስና ጥቂት ትዕግሥት ብቻ ነበር!

የኔታ ደግሞ ልጆች ሳሉ ደብድበው ያባረሯቸውን ሰዎች ወደ ትምህርት ለመመለስ ቤት ለቤት ይዞራሉ። እሑድ ዕለት አብሬያቸው ወደ ኤርሜሊንዳ ቤት ሄድሁ። በስምንት ዓመቷ ደብተሯን የጣለች ሴት ናት፤ አሁን ሃምሳ አምስት ሆኗታል። በሩን ይዛ ከላይ እስከ ታች አየቻቸው።

«ልጆቼ ከፈረንሳይ የሚጽፉልኝን ጎረቤት ነው የሚያነብልኝ» አለች። «ምስጢሬን ሁሉ መንደሩ ያውቀዋል። ይህን ያደረጉኝ እርስዎ ነዎት።»

«እኔ ነኝ» አሉ የኔታ ባርኔጣቸውን አውልቀው።

«እንግዲያው ይግቡ» አለች። «ቶሎ ይጀምሩ፤ ትናንት የመጣ ደብዳቤ አለ፣ ለማንም አላስነበብሁትም።»