የሱቁ ያልሆኑ ወረቀቶች

ከአዲስ አበባ ወደ ሰበታ የሚሄደው ሚኒባስ ዓለም ገናን አልፎ ጥቂት እንደተጓዘ ቆመ። «ካራን ጩፋሜራ!» አለ ሾፌሩ ሞተሩን እያጠፋ፤ መንገዱ ተዘግቷል ማለቱ ነው። ከፊት ድንጋይ ተደርድሯል፤ ጎማ ይጨሳል። ታኅሣሥ 2008 ነበር። የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ ከተነሣ ወዲህ እንዲህ ያለ ቀን አዲስ አልነበረም። ከተሳፋሪዎቹ አንዷ ወይዘሮ ያለምወርቅ ግን በአንዴ ብዙ አሰበች፦ የቀለም ሱቋ ተሰብሯል፣ ልጇ ትጊ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ድንጋይ አግኝቷታል።

ዘወር ስትል ከኋላዋ የሒሳብ ባለሙያዋ ኤልቃና ተቀምጧል። ከሆሳዕና መጥቶ በሰበታ ቢሮ የከፈተ፣ ገና ሠላሳ ያልሞላው ወጣት ነው። ሰሞኑን እንቅልፍ የነሣትም እሱ ዘንድ ያለ ነገር ነበር።

ያለምወርቅ ጡቷ ላይ እብጠት ካገኘች አራት ወር ሆኗታል። አዲስ አበባ እየተመላለሰች የምትታከመው ማንም ሳያውቅ ነው። ትጊ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኝ ናት፤ ይህን ከሰማች ደብተሯን ጥላ እናቷን ልታስታምም እንደምትቀመጥ ጥርጥር የለውም። ታዲያ ባለፈው ቅዳሜ ያለምወርቅ የሕክምና ደረሰኞቿን ብትፈልግ አጣቻቸው። እንደ ልማዷ ያገኘችውን ወረቀት ሁሉ በአንድ ፌስታል አጭቃ፣ ከቀለሙ ደረሰኝ ጋር ለኤልቃና ሰጥታዋለች!

«ወረቀቶቼን ዛሬውኑ መልስልኝ» አለችው።

«ምነው እትዬ ያለምወርቅ፣ ደህና አይደሉም?»

«ምን ደህንነት አለ! ያ ፌስታል ውስጥ…» አለችና ዙሪያዋን አይታ ዋጠችው።

ኤልቃና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቢሮ ደርሰን እንነጋገር። ታክሲ ውስጥ የደንበኛ ጉዳይ አላነሣም። ስምዎንም መጥራት አልነበረብኝም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

እሷ ግን ይህን በክፉ ተረጎመችው። አንብቦታል፣ አውርቶታልም ብላ ደመደመች።

በእግራቸው ሰበታ ገቡ። ሱቋ ተዘግቷል እንጂ አልተነካም። ትጊም ስልክ ሲደወልላት «እማዬ፣ ቤት ነኝ፤ እያጠናሁ ነው» አለች። ያለምወርቅ እፎይ ብላ ተከትላው ወደ ቢሮው ወጣች። ኤልቃና የውስጠኛውን ክፍል ዘግቶ ወንበር ሰጣት።

«ስማኝ ልጄ፣ አትቀየመኝ» አለች። «ድሮ የነጋዴ ሒሳብ የሚይዘው ዘመድ ነበር። ዘመድ ገበናህን ይሸፍናል። አንተ ግን ባዳ ነህ፤ ነገ ብትናገር ማን ይዞ ይጠይቅልኛል?»

«ዘመድ የሚሸፍነው እስከተዋደዳችሁ ድረስ ነው። ሲቀየምስ?»

ያለምወርቅ በውርስ የተጣላትን ወንድሟን አስታወሰች።

«እኔ ብንጣላም ማውራት አልችልም» ቀጠለ ኤልቃና። «የሙያው ግዴታ ነው፤ በውላችንም ፈርሜያለሁ። ጸሐፊዬም ፈርማለች።»

ከብረት ቁም ሣጥኑ አንድ ፋይል አወጣ። ላዩ ላይ ቁጥር እንጂ ስም የለም። ከውስጡ ጥብቅ ተደርጎ የታሸገ ፖስታ መዝዞ ሰጣት። ከላይ «የሱቁ ያልሆኑ ወረቀቶች» ይላል፤ ማሸጊያው ላይ ፊርማውና ቀኑ አለ።

«ከሱቁ ደረሰኝ ለመለየት ደረሰኙን የሰጠውን ድርጅት ስም አየሁ፤ ከዚያ በላይ አላነበብኩም። ጸሐፊዬም አላየችውም። በሰው ልልክልዎ አልደፈርኩም፤ እስኪመጡ ስጠብቅ ነበር።»

ያለምወርቅ ፖስታውን ተቀብላ ፊርማውን በጣቷ ዳሰሰችው። ፍርሃት የለመደ ልብ ግን በቀላሉ አያርፍም።

«ቢሮው ቢቃጠልስ? ዘመኑን ታየዋለህ።»

«የሱቅዎ ሒሳብ ሌላ ቅጂ አዲስ አበባ ኮምፒውተር ውስጥ ተቆልፎ ተቀምጧል። ያለ ይለፍ ቃል አይከፈትም።»

«ባንክ ቢጠይቅህስ?»

«እርስዎ ፈርመው ካልፈቀዱ አልሰጥም። ግብር ቢሮ የሚያየው የሱቁን ሽያጭና ወጪ ነው። ፍርድ ቤት በጽሑፍ ካዘዘኝ ደግሞ የታዘዝኩትን ያህል ብቻ።»

«አንተስ ብትሞት?»

ኤልቃና ሳቁ አመለጠው። «ኧረ እትዬ፣ ገና ሚስት እንኳ አላገባሁም! ብሞትም ቁልፉን ተረክቦ ለየባለቤቱ የሚመልስ፣ እንደኔው የፈረመ ባልደረባ አለኝ።»

በዚህ መሐል የውጭው በር ተንኳኳ። ኤልቃና ወጥቶ የውስጡን በር ከኋላው ዘጋ። የመጣችው ግን ሚስማርና ቆርቆሮ የምትሸጠው ጎረቤቷ ማሪቱ ነበረች፤ የማሪቱን ድምፅ ደግሞ በር አያግደውም።

«አንተ ልጅ! ያለምወርቅ በየወሩ አዲስ አበባ የምትመላለሰው ቦታ ልትገዛ ነው አይደል? ወረቀቷ አንተ ጋ ነው፣ ታውቃለህ!»

ያለምወርቅ ፖስታውን ደረቷ ላይ አጣበቀች።

«ማን ደንበኛዬ እንደሆነ እንኳ አልናገርም፣ እትዬ ማሪቱ።»

«ውይ፣ ለኔ? ከሷ ጋር እኮ እህትማማች ነን!»

«የእርስዎን ጉዳይ አንዲት እህትዎ መጥታ ብትጠይቀኝ ምን እንድላት ይፈልጋሉ?»



«እ… ዝም እንድትላት ነዋ» አለች ማሪቱ፤ ከዚያም ራሷ ሣቀችበት። «ደረቅ! አንተን ያገባች አለቀላት።»

ኤልቃና ሲመለስ ያለምወርቅ ዓይኗን በነጠላዋ እያበሰች ነበር። ባለፈው ወር እሷም ስለ ማሪቱ ዕዳ ጠይቃው፣ ዝም ቢላት ኩራተኛ ብላ አምታው ነበር። ያን ቀን የተቀየመችበት ዝምታ ዛሬ እሷን ሸፈናት።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ» አለች ከመቀመጫዋ ተነሥታ። «ወረቀቶቼ እዚሁ ይቀመጡ። ፖስታውንም አንተው ያዘው፤ እቤት ትጊ ታገኘዋለች።»

ከዚያ ቀን በኋላ የሱቁንና የቤቱን ደረሰኝ ለየብቻ ማስቀመጥ ጀመረች፤ የሰው ሒሳብም ጠይቃ አታውቅም። ደረሰኝ የገንዘብ ልክ ብቻ አይደለም፤ የት እንደዋልን፣ ምን እንዳመመን፣ ለማን እንደተጨነቅን ይናገራል። ስለዚህ ነጋዴ የሒሳብ ባለሙያ ሲመርጥ ከመደመር ችሎታው አስቀድሞ አፉን ይመርምር፤ ወረቀቱ የት እንደሚቆለፍ፣ ማን እንደሚያየው ይጠይቅ፤ ውል ያስፈርም። እንዲህ ያደረገ ሰው ግብሩን በእውነት ያስታውቃል፣ ሌሊትም ይተኛል።

ክረምት ሲገባ ትጊ ፈተናዋን ጨርሳ ነበር፤ የያለምወርቅም እብጠት በቀዶ ሕክምና ወጥቶ ሐኪሙ «ክፉ አይደለም» ብሏታል። ያን ዕለት ያለምወርቅ ፖስታውን ከኤልቃና ተቀብላ ለልጇ ሰጠቻት። ትጊ አገላብጣ አየችው። ፊርማው እንዳለ ነው፣ የታኅሣሡም ቀን እንዳለ።

«ማንም አልከፈተውም እማዬ?»

«ማንም። አንቺ ክፈቺው።»