ሰባ አራት ቁጥር ዳነ

ነይ ግቢ ሌይሲ፣ የኔ ማር፣ ቁጭ በይ። ጸጉርሽ እንዴት አደገ በናትሽ! እንደ ሁልጊዜው ጫፍ ጫፉን ልቁረጠው አይደል? ለነገው ጨዋታማ ማማር አለብሽ፤ የኮሌጁን አሰልጣኝ ሚስት ካሜራ አያልፋትም። ልጅሽ ታከርስ? ከሕፃናቱ ጋር ሜዳ ሲሮጥ አየሁት፤ የፉትቦል ሄልሜቱ ከሱ ይበልጣል... ሲያምር!

ቀና በይልኝ። ጉሮሮሽ ደረቀ እንዴ? ውሃ ላምጣልሽ? እዚህ ቤት ውሃ የጠየቀ አይከለከልም።

ጋዜጣውን አየሽው? ስለ አንድ የፉትቦል አሰልጣኝ ነው የጻፉት። አንቺ የምታውቂው አይመስለኝም፤ ያንቺ ባል እንዲህ ያለ ሰው አጠገቡም አያስደርስም። ይኼኛው ግን እንዴት ያለ ጠንካራ ሰው መሰለሽ! በዚያ በነሐሴ ሐሩር ልጆቹን ሲያስሮጥ ውሃውን ከአጥሩ ወዲያ አስደርድሮ... እያዩት እንዲሮጡ። ተስፋ እንዳይቆርጡ ብሎ ይሆናላ! አንዱ ተዝለፍልፎ ወደቀ። «ተነስ! እናትህ ናት ያሞላቀቀችህ» አለው አሉ። እውነቱን ነው፣ ጥፋቱ የእናትየው ነው። በጠማው ቁጥር ውሃ እየሰጠች አሳደገችው።

ምነው ተቁነጠነጥሽ? መቀሱ እንዳይነካሽ።

ደግነቱ ደግሞ! ሆስፒታል ድረስ መጣ። ተጫዋቾቹ ሁሉ የፈረሙበትን ኳስ ይዞ... ፎቶ አንሺም ይዞ። ልጄ ያን ጊዜ... የሰው ልጅ ማለቴ ነው... ኩላሊቱን በማሽን እያጠቡለት ዓይኑን መግለጥ አልቻለም። ሰውየው ምን ያድርግ? ለራሱም ለልጁም ድርሻ ፈገግ አለና ፎቶ ተነሳ፣ ሄደ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ መብራት ጋረድሽብን ብለውኝ ዞር አልኩላቸው። እስካሁን ያንገበግበኛል... መብራቱን መጋረዴ።

ከተማችንስ ቢሆን፣ ለሰው አዛኝ! ያች ወሬውን የጻፈችው ጋዜጠኛ ቁርስ ቤት ውስጥ እንቁላል የሚጠብስላት አጣች። ባለፈው እሑድ ደግሞ ፓስተሩ ያን አሰልጣኝ ከነአባቱ ስም ጠርቶ «ከክፉ ወሬ ጠብቅልን» ብሎ እያለቀሰ ጸለየ። ለልጁም ጸልዮለታል፣ አልረሳውም... «ሰባ አራት ቁጥርንም ማርልን» አለ። ስሙ ጠፋበት፤ በገዛ እጁ ያጠመቀው ማርኬል ስሙ ጠፋበት! እኔም ከኋላ ወንበር አሜን አልኩ። ምን ልበል ታዲያ?

ጸሎቱ ግን ደረሰ፣ ታምኚኛለሽ? ትናንት ከሆስፒታል ስመለስ በሜዳው በኩል ባልፍ፣ ሰባ አራት ቁጥር እንደ ፈረስ ይጋልባል! መኪናዬን አቁሜ አየሁት። ማልያው ያው ነው፣ ልጁ ነው ሌላ። ለካ ማልያ ቶሎ ይድናል... የኔው ገና ከማሽኑ አልወረደም።

ይኸው ጨረስኩ፣ መስታወቱን ያዢ። አላማረብሽም? ምነው፣ ዓይንሽ ውስጥ ጸጉር ገባ እንዴ? ነይ ላራግፍልሽ።

በይ እንግዲህ፣ እኔም እንደ ሰዉ ልመርቅሽ። ታከርን ያሳድግልሽ። እዚሁ ሜዳ ላይ ለወግ ያብቃልሽ። ልክ እንደዚያ ሰውዬ ያለ አሰልጣኝ ይስጠው። የሚሰጡት ቁጥርም... ለፓስተሩ አፍ የሚቀል ይሁንለት።

አሜን በይ እንጂ፣ የኔ ማር።